ፊደል በዜማ ብቻ አይያዝም፦ የቃላት ጨዋታ ለሚያጫውቱ ወላጆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ልጆች ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት ይነሡ የሚል ምክር በየጊዜው እናነባለን። ተነሥተው ምን ይሥሩ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። እኛ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ በኬጂና በአንደኛ ደረጃ የምናስተምር መምህራን ነን። በእነዚህ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ብዙ ወላጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለታክሲ ሰልፍ ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። አያትና አክስት የቀሩት በድሮው ሰፈር ነው፤ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ይጠይቅ የነበረው ሰው አሁን ከቤት የለም። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ላለው ወላጅ ነው። ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አማርኛ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ አውቆ ጨዋታውን ከዚያ ጋር ማስማማት ነው፤ ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተቀዳ የፊደል ጨዋታ አማርኛ ላይ ሲደርስ ይሰናከላልና።

መጀመሪያ የሚያጋጥመው እንቅፋት ዜማው ነው። የአምስት ዓመት ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብሎ ጀምሮ እስከ ፐ ሲወርድ ወላጅ «ልጄ ፊደል ቆጠረ» ብሎ ደስ ይለዋል። ቢ የምትለውን ፊደል ብቻዋን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታሳዩት ግን «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያለ ከመነሻው ሳይቆጥር አይደርስባትም። የያዘው የፊደሏን መልክ ሳይሆን በተራው ውስጥ ያላትን ቦታ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ቀጥሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» እያለ ይወርዳል። ንባቡ በአንድ የፊደል ቤተሰብ (ለምሳሌ ከበ እስከ ቦ) ውስጥ በአግድም መሄዱን ትቶ በሰያፍ ስለሚወርድ ዜማው አያግዘውም፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህ የቆየ ዘዴ ለቤት ጨዋታ ከምናውቃቸው ሁሉ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

በቤት ሲሠራ እንዲህ ነው። ከ33ቱ ቤተሰቦች ስድስቱን ብቻ ውሰዱ፦ በ፣ ለ፣ መ፣ ተ፣ ሰ፣ ረ። አንድ ደብተር ገጽ ላይ ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ሰባት ቤት ወደ ጎን አስምሩና ሰባቱን ድምፆች ከግዕዝ (በ) እስከ ሳብዕ (ቦ) ጻፉ። ልጁ ከላይ በግራ ካለው በ ተነሥቶ በሰያፍ ይውረድ፦ «በ ሉ ሚ ታ ሴ ር»፤ መስመሩ ስላለቀ ወደ ላይ ተመልሶ «ቦ» ይበል። ሁለተኛው ዙር ከለ ይነሣል፦ «ለ ሙ ቲ ሳ ሬ ብ ሎ»። ትርጉም የለሽ ስም መሆኑ ልጆችን በጣም ያስቃቸዋል፤ «በሉሚታሴርቦ» እያሉ ሲጠራሩ እስኪለምዱት ድረስ አይደክሙም። ሦስተኛውን ዙር ሳትነግሯቸው ራሳቸው እንዲያገኙት ተዉአቸው።

ስድስቱን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ከሀ ቤተሰብ ብትጀምሩ ሀ እና ሃ አንድ ዓይነት ይሰማሉ፤ በዚያ ላይ ሐና ኀ ይጨመራሉ። «አ»ም እንዲሁ ነው፤ አ እና ኣ፣ ከዚያ ዐ። ገና ድምፅና መልክ እያገናኘ ያለን ልጅ ይህ ግራ ያጋባዋል። ከስድስቱ ግን ያልተዛባ ብዙ ቃል ይወጣል፦ ቤት፣ በር፣ ላም፣ ሰላም፣ ተረት፣ ምስር፣ ምላስ፣ ብረት፣ ሌሊት፣ መሬት፣ መብራት፣ ሙሉ። የረ ቤተሰብ ቅርጽ (ሩ፣ ሪ፣ ራ) ከሌሎቹ ስለሚለይ በመጨረሻ ይምጣ። የሚምታቱት ቡ እና ቢ፣ ቢ እና ቤ ናቸው፤ ካዕቡ (ቡ) ጭረቱን ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ (ቢ) እግሩ ላይ ይይዛል፣ ኃምሱ (ቤ) እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ይህን አንድ ጊዜ በጣት አስነክቶ ማሳየት ብዙ ጊዜ ከመናገር ይበልጣል። ሳድስ ግን ወጥ ደንብ የለውም (ብ፣ ል፣ ም፣ ት፣ ስ፣ ር እያንዳንዱ ለብቻው ነው)፤ ስለዚህ ድግግሞሽ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ቀጥሎ የቆርኪ ጨዋታ ነው። ከግሮሰሪ ወይም ከሱቅ 54 ቆርኪ ሰብስቡ። በሳሙና ታጥበው በደንብ ይድረቁ። በውስጣቸው ያለው ላስቲክ የማርከር ቀለም አይዝም፣ በጣት ሲታሽ ይለቃል፤ ስለዚህ 50 ሳንቲም ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ስላችሁ ቁረጡ፣ ፊደሉን ጻፉበትና በኮላ ከውስጥ ለጥፉ። ላዩን በስኮች ከሸፈናችሁት ይከርማል። ከፊደሉ ሥር አጭር መስመር አስምሩ፤ ያለዚያ በ ሲገለበጥ ሀን፣ ሠ ሲገለበጥ ጠን እየመሰለ ጭቅጭቅ ያመጣል። ቆርኪ ካልተገኘ የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን 4 በ4 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ በአንድ ኤ4 ወረቀት ስፋት 35 ይወጣል። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባለበት ቤት ቆርኪውን ተዉት፤ አፉ ውስጥ ከገባ ያንቀዋል። እዚያ ቤት ካርቶን ይሻላል፣ እሱም ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

የ54ቱ ስሌት ይህ ነው፦ ስድስት ቤተሰብ በሰባት 42 ይሆናል፣ በእያንዳንዱ ሳድስ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ትርፍ ይጨመራል። ትርፉ ያስፈለገው የአማርኛ ቃል በሳድስ መዝጋት ስለሚወድ ነው፤ ሰላም፣ ተረት፣ ምስር ሁሉም በሳድስ ያልቃሉ። ሁሉንም ቆርኪ አንድ ሣህን ውስጥ ቀላቅላችሁ ብታድሉ አንዱ ልጅ ቡ፣ ሌ፣ ሞ፣ ቲ፣ ሱ ይደርሰውና ምንም ቃል ሳይሠራ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይሰለቻል። ስለዚህ 18ቱን ሳድስ በአንድ ሣህን፣ 36ቱን በሌላ አድርጉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሳድሱ ሦስት፣ ከሌላው አራት ያንሣ። ቃል የሠራ በፊደሎቹ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፤ ያልቻለ አንዱን ቆርኪ መልሶ ሌላ ያነሣል። የተሠራው ቃል በዓረፍተ ነገር ካልተነገረ ነጥብ የለውም። ይህች ደንብ ቀላል ብትመስልም እንዳትተዋት፤ በአጋጣሚ የተገጣጠመን ፊደል «ቃል ነው» እያሉ ከመሟገት ታድናለች፣ ልጁም ቃሉን እንዲናገርበት ታደርጋለች። ስድስቱ ቤተሰቦች ሲለመዱ ነ፣ ደ፣ ከ፣ ገ እያላችሁ በሳምንት አንድ አንድ ቤተሰብ ጨምሩ። ትንሽ ምልክት ብቻ የሚለያቸውን ጥንዶች (ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ) ግን በአንድ ሳምንት አታስገቡ።

ቆርኪው ከመምጣቱ በፊት ለትንንሾቹ የጭብጨባ ጨዋታ ይቅደም፤ እዚህ ላይ ወላጅ የማያስተውለው ነገር አለና ትንሽ እንቆይበት። ልጁ ቃሉን እየሰነጠቀ እንዲያጨበጭብ ስትጠይቁት «ዶሮ» ሁለት ጭብጨባ፣ «በሬ» ሁለት፣ «ቡና» ሁለት ይሆናል፤ ፊደሉም ሁለት ሁለት ነው። «ላም» ግን አንድ ጭብጨባ ሆኖ ሁለት ፊደል አለው። «ሰላም» ሁለት ጭብጨባና ሦስት ፊደል፣ «መብራት» ሁለት ጭብጨባና አራት ፊደል ነው። አንደኛ ክፍል ላይ «መብራት»ን «መራት» ብለው የሚጽፉ ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ የሰሙትን ጭብጨባ ነው የጻፉት፣ መሐል ላይ የምትዘጋዋ ሳድስ ራሷን ችላ አትጨበጨብም። መፍትሔው ጨዋታውን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። መጀመሪያ በአናባቢ በሚያልቁ ቃላት ብቻ ተጫወቱ፦ ዶሮ፣ በሬ፣ ቡና፣ ጫማ፣ ጎማ፣ ውሃ። ከዚያ ላም፣ ቤት፣ በር አምጡና እጅ ሲያጨበጭብ አፍ ሲዘጋ ደግሞ አንድ ጣት ይነሣ በሉ። «ላ» ጭብጨባ፣ «ም» ጣት። «መ» ሲባል ጭብጨባ፣ «ብ» ሲባል ጣት፣ «ራ» ጭብጨባ፣ «ት» ጣት። ጭብጨባና ጣት ሲደመሩ የፊደሉ ቁጥር ይሆናል። የጽሕፈት ስሕተት ከመታረሙ በፊት ጆሮ ይታረም የምንለው ስለዚህ ነው።

ፊደላችን የማያሳየው ሌላ ነገርም አለ፤ ጠብቆና ላልቶ መነበብ። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለልጅ ስጡት። የመጀመሪያው ገና ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ሁለተኛው ላልቶ ጊዜው ነው። «ዋና» ላልቶ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ዋናው ነገር ነው። «ሽፍታ» በአንዱ አነባበብ ጫካ ያለ ሰው ሲሆን በሌላው ቆዳ ላይ የሚወጣ ነው። «አባባ አለ? አለ» የሚለውን ስንት ዓይነት ማንበብ እንደሚቻል ራሳቸው ይፈልጉ። ጨዋታው በእጅ ነው፦ አንባቢው ቃሉን ሲል ሌሎቹ ከጠበቀ ጡጫቸውን ይጨብጣሉ፣ ከላላ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። «ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ» የሚለው ለትልልቆቹ ይሆናል፤ ልብስ ሰፊው ላልቶ፣ ሱሪው ጠብቆ፣ ሥራው ጠብቆ። በፍጥነት አምስት ጊዜ ሲባል «አንድ ጥሬ ጨው፣ ሁለት ጥሬ ጨው» እንደሚባለው ምላስ ያስተሳስራል።

በእኛ ሰፈር አንድ ጥቅም አለ። ብዙዎቹ ልጆች በቤት ወይም በትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ ቁቤ ደግሞ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ፊደል ደርቦ ይጽፈዋል። ስለዚህ ቁቤ የሚያነብ ልጅ ማጥበቅ ምን እንደሆነ በዐይኑ አይቶታል፣ አማርኛ ብቻ ለሚያነበው ጓደኛው ማስረዳት ይችላል። ያንን ልጅ የጡጫና የመዳፍ ጨዋታ ዳኛ አድርጉት። እንቆቅልሽም በኦሮምኛ ሂቦ ተብሎ የታወቀ ነው፤ አንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በየተራ በሁለቱም ቋንቋ ቢጠያየቁ ለሁለቱም ቤት ልጆች ትርፍ ነው።

እንቆቅልሽን በተመለከተ ወላጆች አንድ ነገር ይርሱት፤ ከመጽሐፍ ሸምድዶ መጠየቅ። መልሱን የሚያውቅ ልጅ ሁሌ ያሸንፋል፣ የማያውቀው ዝም ይላል፣ ወፍጮና መጅ በዐይኑ ያላየ የኮንዶሚኒየም ልጅ ደግሞ «እናቷ ተኝታ ልጇ ትጨፍራለች» ቢባል ከየት ያመጣዋል? ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው ይፍጠሩ። መንገዱ ይህ ነው። ከክፍሉ አንድ ዕቃ ይመረጥ፤ ጀሪካን እንበል። አካሉ ምን ምን አለው? አፍ፣ ጆሮ፣ ሆድ። በእነዚህ ሰው ምን ያደርጋል፣ ጀሪካኑስ? አሁን ሁለቱን አጋጩ፦ «አፍ አላት አትናገርም፣ ጆሮ አላት አትሰማም፣ ሆዷ ሲሞላ ግን ሰው ታጎብጣለች»። ለሻማም እንዲሁ፦ «ቆማ ታለቅሳለች፣ ባለቀሰች ቁጥር ታጥራለች»። ከዚያ ፈተና አለ፤ ልጁ ጥያቄውን ይዞ «ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሦስት ዕቃ ከገባበት ፍንጩ ላልቷልና አንድ ነገር ይጨመርበት። ማንም ካልደረሰበት ጠብቋልና አንድ ፍንጭ ይላላ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ፣ ባልዲ፣ ቧንቧ የማያልቅ እንቆቅልሽ ናቸው።

ሥርዓቱን ግን አትንኩት። «እንቆቅልህ» ለወንድ፣ «እንቆቅልሽ» ለሴት፤ መልሱም በጠያቂው ጾታ «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ነው። ወንዱ ሴቷን ሲጠይቅ እሱ በሽ ይጀምራል፣ እሷ በህ ትመልሳለች፤ የአራት ዓመት ልጅ አንተና አንቺን የሚለይበት ከዚህ የቀለለ ልምምድ የለም። ያልመለሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። እዚህ ላይ የምንጨምረው ደንብ አንድ ነው፦ በአንድ ማታ የተሰጠ ሀገር አይደገም። ጎንደር፣ ሐረር፣ ጅማ ቶሎ ያልቃሉ፤ ከዚያ ልጁ አርባ ምንጭን፣ ነቀምትን፣ አሶሳን ፍለጋ ይሄዳል። ተቀባዩም «ጅማ ሄጄ…» ብሎ በከተማው የሚገኝ አንድ እውነተኛ ነገር መጥቀስ አለበት፤ ቡናውን፣ ግንቡን፣ ሐይቁን። የማያውቀውን ከተማ ከተቀበለ ሌላ ይጠይቅ። ይህ ጨዋታ መብራት ሲጠፋ የሚመች ነው፤ ዕቃም ብርሃንም አይፈልግም።

የቃል ሰንሰለት በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚሆን ነው፤ አንዱ ቃል ይላል፣ ሌላው በመጨረሻው ፊደል ይጀምራል። ምድጃ፣ ጃንጥላ፣ ላባ፣ ባቡር፣ ርግብ፣ ብርቱካን፣ ንብ። ጥሩ ይሄዳል፣ ከዚያ አንዱ «ጓደኛ» ይላል፤ ጨዋታው እዚያ ይሞታል። በ«ኛ» የሚጀምር የአማርኛ ቃል የለማ። ዳኛ፣ ሠራተኛ፣ ችግኝ ሁሉም ወጥመድ ናቸው። ደንባችሁ በኘ ቤተሰብ የሚያልቅ ቃል ተመልሶ ይለወጥ የሚል ይሁን። ብልጥ ልጅ ደግሞ ሁለት መሸሻ ቶሎ ያገኛል፤ «ቤቶች፣ ወንዞች» እያለ ሁሉንም በች ይዘጋዋል፣ ወይም «ቤቱ፣ ልጁ» እያለ እንደፈለገው ይጨርሰዋል። ብዙ ቁጥርና ቅጥያ አይፈቀድ፤ ቃሉ ብቻውን ይምጣ። ጀማሪዎች ከተቸገሩ ደግሞ ፊደሏ ሳትሆን ቤተሰቧ ትቁጠርላቸው፦ በ«ር» ያለቀ ቃል በ«ረ»፣ በ«ሩ»፣ በ«ራ»፣ በ«ሮ»ም ሊቀጥል ይችላል። አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በጨዋታ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ልዩነታቸው በጽሕፈት ትምህርት ይመጣል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያላችሁ ስማቸውን ብቻ አስለምዱ።

ስምንት ዓመት ለሞላው ልጅ የምንወደው የሥር ጨዋታ ነው። ሦስት ተነባቢ ይሰጠዋል፤ ሰ፣ በ፣ ረ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከእነሱ የሚወጣውን ሁሉ ይሰበስባል፦ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ ስብራት፣ ሰባራ፣ ስባሪ፣ መስበሪያ። በመጨረሻ ሁሉም ዝርዝሩን ያነባል፣ ከሌላው ያልተገኘ ቃል ያመጣ ሁለት ነጥብ፣ የጋራው አንድ ነጥብ ያገኛል። እዚህ የሚፈጠረው ግርግር ብዙውን ጊዜ ፊደል ሲለወጥ ነው። ከፈተ ብሎ ጀምሮ «ከፋች» ወይም «መክፈቻ» የጻፈን ልጅ ሌሎቹ «ተ የት ሄደ?» ብለው ይከራከሩታል። ልጁ ግን ትክክል ነው። ተ ወደ ቸ (ከፈተ፣ ከፋች)፣ ደ ወደ ጀ (ወሰደ፣ ወሳጅ)፣ ሰ ወደ ሸ (ለበሰ፣ ለባሽ)፣ ጠ ወደ ጨ (ቆረጠ፣ ቆራጭ)፣ ነ ወደ ኘ (ለመነ፣ ለማኝ)፣ ዘ ወደ ዠ (ያዘ፣ ያዥ)፣ ለ ወደ የ (ከፈለ፣ ከፋይ፣ ክፍያ) ይሄዳሉ። ይህን ዝርዝር ወላጁ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ፣ ለልጆቹ ግን አስቀድሞ አያሳይ። ሦስት አራት ጥንድ ከሰበሰቡ በኋላ ደንቡን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ለአስተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ልጆች «የወፍ ቋንቋ» የሚሉትን ሚስጥራዊ ንግግርም ወላጅ ባይከለክል እንመርጣለን። ደንቡ ከሰፈር ሰፈር ይለያል። አንደኛው መንገድ ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ ከዘ ቤተሰብ ተመሳሳዩን ድምፅ መጨመር ነው፦ ቤት «ቤዜትዝ»፣ ጎመን «ጎዞመዘንዝ»፣ ቡና «ቡዙናዛ» ይሆናል። ይህን የሚችል ልጅ ሳያውቀው ሰባቱን ድምፆች ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እያሻገረ ነው፤ ከአቡጊዳ ብዙም አይርቅም።

ቤት የማስመታት ጨዋታ ለቡሄ ሰሞን ይቀመጥ፤ ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ የሚወጡት ልጆች ግጥም ይፈልጋሉ። አዋቂው ሁለት መስመር ይልና የመጨረሻውን ቃል ይውጠዋል፦ «ዶሮዋ ወጥታ ከአጥሩ በላይ፣ ድመቷ ተኝታ ትሞቃለች…»። «ፀሐይ» ያለ ያገኛል። «ቤታችን» ከ«ልጃችን» ጋር ሲገጥም ግን አትቀበሉ፤ ቅጥያው ነው እንጂ ቃሉ ቤት አልመታም። በአስፋልት ላይ ደግሞ ፊደል ለቀማ አለ፤ ከታክሲው ታፔላ፣ ከሱቅ ማስታወቂያ፣ ከመኪና ሰሌዳ የዕለቱን ፊደል መፈለግ። ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ካለ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ተስሎ በሳጥኖቹ የአንድ ቤተሰብ ሰባት ፊደል ይጻፍ፣ ጠጠሩ ያረፈበትን ያነበበ ይዝለል። ደረጃ ላይ አይሳል፤ ልጅ ይወድቃል።

ጨዋታን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ ነው። ጠይቆ ሁለት ሰከንድ ሳይታገሥ ራሱ ይመልሳል። በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ልጁ ሲሳሳት ጨዋታውን አቁሞ ያርማል፤ ይህን አታድርጉ፣ በእናንተ ተራ ትክክለኛውን ቃል ተናግራችሁ እለፉ። የተሸነፈን ማስወጣት ይወዳል፤ ልምምድ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ እኮ መጀመሪያ የሚወጣው ነው። ነጥብ ይቀነስ እንጂ ማንም አይውጣ። ታላቅ ወንድም ሁሉን ከቀደመ ለእሱ ብቻ ከባድ ደንብ ይደረግለት፤ ለምሳሌ ከሦስት ፊደል በታች ቃል አይቆጠርለት። ከ15 ደቂቃ አትለፉ፣ «አንድ ዙር ብቻ» እያሉ ሲለምኗችሁ አቁሙ። ነገ ቆርኪውን ራሳቸው ያወጡታል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ለልጆች ቃል ጨዋታ ትሰጥልን። አምስት በአምስት ቤት ያላት አግድም ቁልቁል ትበቃለች፤ የአማርኛ ቃል በጥቂት ፊደል ስለሚያልቅ በዚህ ስፋት ከስድስት እስከ ስምንት ቃል ይገባል። አዘጋጁ የሚቸገርበት ቦታ መገናኛው ነው፤ ሰ እና ስ ሊተላለፉ ስለማይችሉ ቃላቱ በሳድስ ቢገናኙ ይቀላል። ምጣድ በአግድም ከሄደ ከ«ድ»ዋ ላይ ድመት ወደ ታች ይወርዳል፣ ከ«ት»ዋ ደግሞ ትል በአግድም ይቀጥላል። ፍንጩ የስድስት ዓመት ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ይሁን፣ ፊደሉም ከዋናው ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይታተም፤ ጥቃቅኑ ህትመት ቡን ከቢ አያስለይም። መልሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ባይቀመጥ እንወዳለን። በእኛ ሰፈር ጋዜጣ በየሳምንቱ አይደርስም፣ ስለዚህ በዚያው እትም በሌላ ገጽ ይውጣ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰንጠረዦች ሠርተን ያለ ክፍያ ለመላክ ዝግጁ ነን።

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የምናስተምር የኬጂና የአንደኛ ደረጃ መምህራን